ደሴ ብርድ ነው፤ ሐኪሙ ለምን ያልበዋል?



ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ሆኖም ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ለሰዓታት የቆመ ሐኪም ግንባሩ በላብ ይርሳል። ምክንያቱ የውጭው አየር አይደለም። ፈሳሽ የማያስገባው ጋውን፣ ድርብ ጓንቱ፣ ማስኩና ቆቡ የሰውነቱን ሙቀት ያፍኑታል። የድሮው ሃሎጅን መብራት ከላይ ይጨምርበታል። አጥንት በራጅ እየታየ ሲጠገን ደግሞ ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ይለብሳል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ውሃ ሲጎድል ትኩረታችን መቀነስ ይጀምራል። ያኔ የሚጎዳው ታካሚው ነው።

«ታዲያ ክፍሉን ለምን አያቀዘቅዙትም?» ትሉ ይሆናል። ሰመመን የተሰጠው ሰው የሰውነቱን ሙቀት በአግባቡ መቆጣጠር አይችልም። ሙቀቱ ከ36 ዲግሪ በታች ከወረደ ደሙ ቶሎ አይረጋም፣ ቁስሉም ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ስለዚህ ክፍሉ በአብዛኛው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይደረጋል፤ ለጨቅላ ሕፃንና በእሳት ለተቃጠለ ሰው ከዚያም በላይ ይሞቃል። ተራ የአየር ማራገቢያ ማስገባትም አቧራና ጀርም ስለሚያነሣ አይመከርም።

ስለዚህ የሚሻለው ታካሚውን ማሞቅ፣ ሐኪሙን ማቀዝቀዝ ነው። ለታካሚው ብርድ ልብስና ሞቅ ያለ የደም ሥር ፈሳሽ፣ ለሐኪሙ ከጋውን ሥር የሚለበስ፣ ኪሶቹ በረዶ የሚይዙ ሰደርያ። ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ሙቀቱ አነስተኛ ነው። ረጅም ኦፕራሲዮን ላይ ለአፍታ ቆም ማለትም አእምሮን ያድሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝርም ቡድኑ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ቆም ብሎ እንዲነጋገር ያደርጋል።

በረመዳን ተረኛ ለምትሆኑ የሕክምና ተማሪዎች፦ በሱሑር በቂ ውሃ ጠጡ፣ ቀን ላይ ጥቂት ተኙ። ራሳችሁን ካዞራችሁ ወይም እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው «ተኩኝ» በሉ። ድካምን መደበቅ ጀግንነት አይደለም፤ የታካሚው ነፍስ አማና ነው። ስለ ጾሙ ብይን ቀደም ብላችሁ ዑለማዎችን ጠይቁ።

25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ያላችሁ የኮምቦልቻ ግቢ ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። የደሴው ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ዕቃው ተዘርፎ ነበር፤ ሁሉም ነገር ከውጭ እስኪገዛ መጠበቅ የለብንም። በረዶ የሚይዝ ሰደርያ መስፋት ከጨርቃ ጨርቅ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። አንድ ቀን ወደ ደሴ ውጡና የሕክምና ተማሪ ወንድምና እህቶቻችሁን «የት ላይ ነው የሚያልባችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።