ዱቄቱን ማን አጎደለው?

አንድ ዳቦ ቤት ለ1,000 ዳቦ 100 ኪሎ ዱቄት፣ ኪሎውን በ80 ብር አስቦ 8,000 ብር መደበ እንበል። ወሩ ሲዘጋ ግን ወጪው 8,625 ብር ሆኖ ተገኘ፤ ያለቀውም ዱቄት 115 ኪሎ ነው። ባለቤቱ ወዲያው ጋጋሪውን ይጠረጥራል።

የሒሳብ ሹሙ ግን 625ቱን ብር ለሁለት ይከፍለዋል። ዱቄት ገዢው ኪሎውን በ75 ብር ስለ ገዛ በ115ቱ ኪሎ 575 ብር አድኗል፤ ይህ የዋጋ ልዩነት ነው። በትርፍ የፈጀው 15 ኪሎ በ80 ብር ሲታሰብ የ1,200 ብር ጉዳት ነው፤ ይህም የአጠቃቀም ልዩነት ይባላል። በ80 ብር መታሰቡ፣ ጋጋሪው ስለ ገበያ ዋጋ ተጠያቂ ስላልሆነ ነው።

እንግዲህ ገዢው ይሸለም፣ ጋጋሪው ይቀጣ? ርካሹ ዱቄት እርጥበት ነክቶት የጓጎለ፣ ከፊሉም ከወንፊት ላይ የሚጣል ቢሆንስ? ከጋጋሪው ደመወዝ ሳይቆረጥ በፊት ጆንያው ይፈታና ይታይ።