ከጣርማ በር እስከ ሐይቅ፦ ሕፃን ይዞ የመጓዝ ፊዚክስ

በአገራችን ሕፃን ይዞ ለዕረፍት መሄድ ማለት በአብዛኛው ዘመድ ጥየቃ ነው። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት የስድስት ወር ልጃችንን ይዘን፣ ልትጠይቀን መጥታ የከረመችውን እናቴን አሳፍረን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅ የተጓዝነው ልጁን ለቀሩት ዘመዶች ለማሳየት ነበር። መንገዱ ለፊዚክስ መምህር የተዘረጋ ቤተ ሙከራ ይመስላል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፤ ደሴ እንደገና ወደ 2,500 ይወጣል፤ ሐይቅ ወደ 2,000 ይመለሳል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት መጠየቅ የፊዚክስ ጉዳይ ባይሆንም ከሁሉም ይቀድማል።

እስከ ጣርማ በር ልጁ ተኝቶ ነበር። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ነቃ፤ ደብረ ሲናን ስናልፍ ለቅሶው ጣራ ነካ። እኔ ራበው ስል ባለቤቴ አሞት ይሆናል አለች። እናቴ ግን ሳታመነታ፣ «ልጄ፣ መኪናውን አስቁሚና ጡት አጥቢው» አለቻት። ጥቂት እንደጠባ ዝም አለ። ምክንያቱን ያስተዋልሁት በኋላ ነው።

በጣርማ በር ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 69 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በሸዋ ሮቢት ወደ 87 ይጠጋል። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ የታሰረው አየር የላይኛውን ግፊት እንደያዘ ብንወርድ፣ ከግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ጥቂት በምትበልጠው ስስ ሽፋን ላይ የ100 ግራም ክብደት ያህል ጉልበት ወደ ውስጥ ይጫናታል። የሕፃን የጆሮ ታምቡር ደግሞ ከአዋቂው ብዙም አያንስም። ግፊቱን የሚያስተካክለው መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ነው። በሕፃናት ላይ ይህ ቱቦ አጭር፣ ጠባብና ወደ አግድም ያዘነበለ ነው። ሽቅብ ስንወጣ ከውስጥ ያለው አየር ራሱ ገፍቶ ይወጣል፤ ቁልቁል ስንወርድ ግን ቱቦው የሚከፈተው በመዋጥ ነው። አዋቂ ምራቁን ይውጣል ወይም ያዛጋል፤ ሕፃን የሚውጠው ሲጠባ ነው። እናቴ ስለ ፓስካል ሰምታ አታውቅም፤ መድኃኒቱን ግን ከእኔ ቀድማ አውቃለች።

ከውጭ አገር ሕፃን ይዘው የሚመጡ ወገኖች እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በበረራ ላይ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ከፍታ ካለው ግፊት ጋር ይመሳሰላል፤ ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ የልጁ ጆሮ ብዙ ለውጥ ላይሰማው ይችላል። ፈተናው በጣርማ በር ቁልቁለት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ስለ ጋቢው ነበር። እናቴ ልጁን «ነፋስ ይመታዋል» እያለች በድርብ ጋቢ ጠቅልላዋለች። በጣርማ በር ብርድ ትክክል ነበረች። የስምንት ኪሎ ሕፃን የቆዳ ስፋት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ሲካፈል ከአዋቂው ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ሙቀትም የሚገባውና የሚወጣው በቆዳ በኩል ስለሆነ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል። ይኸው ስሌት ግን በቆላው ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ ጋቢው ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ የልጁ ማላብ ገና ደካማ ነው፤ በሰውነቱ ያለው ውኃም ቶሎ ይጎድላል። ሮቢት ላይ ጋቢውን አስወልቄ በስስ ነጠላ ተካሁት። እናቴ እስከ ኮምቦልቻ አኮረፈችኝ።

ምሳ ለመብላት ስንቆም የተኛውን ልጅ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የታተመ ጥናት፣ ከፀሐይ በታች በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት በአማካይ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚጨምር፣ አብዛኛው ጭማሪም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደሚከሰት አሳይቷል። መስኮቱን በስንጥቅ መክፈት ብዙም አልረዳም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በዚያ ጉዞ ልጁ የተጓዘው በእናቴ እቅፍ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግጭት በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ስምንት ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ ለመያዝ 1,300 ኒውተን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ 130 ኪሎ ግራም ጭነት እንደ መሸከም ነው። የየትኛዋም አያት ክንድ አይችለውም። ይህን ስሌት በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እሰጣለሁ፤ ወደ ራሴ መኪና ግን አላመጣሁትም ነበር። ለመኪና የሚሠራ የሕፃን መቀመጫ በኋላ ወንበር ላይ፣ የልጁ ፊት ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ሊታሰር ይገባል። የሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ደካማ ስለሆነ፣ ጉልበቱ በጀርባው ሙሉ ስፋት ላይ መከፋፈል አለበት። ኤርባግ ካለው የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይደረግም። መቀመጫው ውድ ነው፤ እኛ ሐይቅ እንደ ደረስን ስልክ ደውለን ከአንድ ዘመድ ተውሰን ለመልሱ አስመጣን።

በሐይቅ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም በዚህ ከፍታ ለሕፃን የሚሰጥ ውኃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቢንተከተክ ይመረጣል። በሐይቁ ዳር ጥላ ያስፈልጋል፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር አንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡበት ወንዶቹ ሲሳለሙ እናቶችና ሕፃናት ዳር ይቀራሉ። መራመድ የጀመረ ልጅ ካለ ዓይን አይነቀልበት፤ ጭንቅላቱ ከባድ በመሆኑ የስበት ማዕከሉ ከፍ ይላል፣ ወደ ውኃው ጎንበስ ሲልም በቀላሉ ይደፋል። ሐይቁ ደግሞ በጥልቅ ስፍራው 80 ሜትር ያህል ይወርዳል።

በመልሱ ደሴን አልፈን ሐረጎን ልንወርድ ስንል ባለቤቴ፣ «እዚህ ጋ ቁም፣ ላጥባው» አለችኝ። ልጁ ጠግቦ መቀመጫው ውስጥ ታሰረ፤ የእንጀራ እናቱን ጡጦ በአፉ ይዞ፣ ኮምቦልቻ እስክንደርስ አንዴም አላለቀሰም።