ወንዛችን ታማለች ወይስ ደህና ናት?



በመድረሳ ጠሃራን የተማረ ልጅ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ስለ ውሃ እንደሆነ ያውቃል። ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውሃ ለውዱእ እንደማይሆን ዑለሞች ተስማምተዋል። ያው ልጅ በመደበኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ባክቴሪያና ስለ ኬሚካል ይማራል። እኛ መምህራን ሁለቱን ትምህርቶች በአንድ ወንዝ ዳር ብናገናኛቸው ልጆቻችን ይጠቀማሉ እንላለን። ለዚህም ከአዳማ ብዙም የማይርቀውን የሞጆን ወንዝ እንመልከት።

የሞጆ ወንዝ የሞጆን ከተማ አልፎ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ቆቃ አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሆን፣ ግድቡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከአዲስ አበባ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝም ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ እዚያው ይደርሳል። ከግድቡ በታች አዋሽ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ የአዳማ የቧንቧ ውሃም ከአዋሽ ተስቦ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ላይኛው ሰፈር የጣለው ነገር ታችኛው ሰፈር ጓዳ ይደርሳል ማለት ነው።

ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ቆዳ ሲለፋ ጨው፣ ኖራ፣ ሰልፋይድና ክሮምየም ይገባበታል። ፍሳሹ በሚገባ ሳይጣራ ከተለቀቀ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታም የሚመጣው ከሰልፋይዱ ነው። ተመራማሪዎች በዚህ ወንዝ ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች ከፋብሪካዎቹ በታች ያለው ውሃ በብክለት መጎዳቱን ደጋግመው አሳይተዋል። በቆቃም ማይክሮሲስቲስ የተባለ፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርግ ደቂቅ ተሕዋስ ይራባል፤ የሚያመነጨው መርዝ ጉበትን ይጎዳል።

ታዲያ ላቦራቶሪ የሌለው ቤተሰብ ወይም ተማሪ የአንዲትን ጅረት ጤና እንዴት ይመረምራል? በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ፋብሪካ ሌሊት ለቆ ጠዋት ቢዘጋ፣ እኩለ ቀን ላይ የተቀዳው ውሃ ላይመሰክር ይችላል። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት ትናንሽ ፍጥረታት ግን ሳምንታትና ወራት እዚያው ስለሚቆዩ የደረሰውን ሁሉ ያዩ ምስክሮች ናቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦

1ኛ/ ሁለት ቦታ ይመረጣል፤ አንዱ ከከተማው በላይ፣ ሌላው ከከተማው በታች። ንጽጽር ከሌለ ፍርድ የለም።

2ኛ/ ዳርቻው ይታያል። ዛፍና ሣር አለ ወይ? ቆሻሻ ተጥሏል ወይ? ውሃው አረፋ ይዟል ወይ? ቀለሙና ሽታውስ? መቅመስ ግን ፈጽሞ አይገባም።

3ኛ/ በሁለቱም ቦታ ለእኩል ደቂቃ ድንጋዩ እየተነካካ፣ ከበታቹ በተያዘ ወንፊት ፍጥረታቱ ይለቀማሉ፤ ነጭ ሳህን ላይ ተደርገውም በዓይነት በዓይነታቸው ይቆጠራሉ።

4ኛ/ ከሆዳቸው ግራና ቀኝ መተንፈሻ ያላቸው ባለ ሦስት ጭራ እጮች፣ እንዲሁም ከአሸዋና ከቅጠል ለራሳቸው ቤት የሚሠሩ እጮች በብዛትና በዓይነት ከተገኙ ጅረቷ ደህና ለመሆኗ ጥሩ ምልክት ነው፤ አብዛኞቹ ኦክስጅን ሲያንስ አይኖሩምና። እነዚህ ጠፍተው ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎች ብቻ ከበዙ ጅረቷ ታማለች። የትሎቹ ቅላት ጥቂቱን ኦክስጅን ይዞ ከሚያቆይ እንደ ደማችን ካለ ሄሞግሎቢን የመጣ ነው።

ይህ ዘዴ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ለማዕከላዊና ለደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች በእነዚሁ ፍጥረታት ላይ የተመሠረተ መለኪያ አውጥተዋል። ሆኖም ዘዴው ገደብ አለው። ጎርፍ ፍጥረታቱን ጠርጎ ስለሚወስድ በክረምት የተገኘው ውጤት ያሳስታል። የክሮምየምን መጠንም አይነግረንም፤ እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ከዚህም ሌላ በአካባቢያችን፣ በተለይ በወንጂ የመስኖ ቦዮች፣ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዝያ ስለሚታወቅ፣ ያለ ቦት ጫማና ያለ ጓንት ማንም ልጅ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ፍሳሽ በግልጽ ወደሚገባበት ውሃ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

እናቶች ሆይ! አንድ ነገር አደራ እንላለን። ውሃን ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ክሮምየምን፣ የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድና የማይክሮሲስቲስን መርዝ ግን አያስወግድም። «አፍልቼዋለሁ» ማለት ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ መተማመኛ አይሆንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በውሃ መቅጃና በመንገድ ላይ መጸዳዳትን እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። የአንድ ሰው ቆሻሻ እንዲህ ከተባለ የፋብሪካ ፍሳሽማ እንዴት ይሆን! ይሁንና ጣታችንን ወደ ፋብሪካ ብቻ አንቀስር። የመኪና እጥበት፣ የዘይት መድፋት፣ ፌስታል መጣል የእኛው የሰፈር ሰዎች ሥራ ነው። ፋብሪካውም ቢሆን የወንድሞቻችንና የእህቶቻችን እንጀራ ነውና የምንጠይቀው እንዲዘጋ ሳይሆን እንዲያጣራ ነው። ሕጉም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ብክለትን ይከለክላል፤ ማንኛውም ሰው የግል ጉዳት ደርሶብኛል ሳይል እንኳ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል።

አቤቱታ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ቀንና ቦታ ተጽፎ፣ ላይኛውና ታችኛው ተነጻጽሮ፣ ከወር ወር የተያዘ የተማሪ ደብተር «ወንዙ ይሸታል» ከሚል እሮሮ ይልቅ ይሰማል። ወላጆች፣ መምህራንና የመስጊድ ጀመዓዎች በየአካባቢያቸው አንዲት ጅረት መርጠው በዚህ የበጋ ወራት ቢጀምሩ ውሃን አማና ብሎ የሰጠን አላህ (ሱ.ወ.) ጥረቱን ይቀበለናል፤ ኢንሻአላህ።