አሥራ አምስቱ ቀን ዲማ ሳይደርስ ያልቃል

በጋምቤላ ክልል ያለው ዲማ ወረዳ የወርቅ ቁፋሮ አገር ነው። ለወራት ባዶ እጁን የከረመ ሰው በአንድ ሳምንት ብር ሊይዝ ይችላል፤ ብሩን ሲይዝ ደግሞ ቶሎ የሚያስበው ስለ ሞተር፣ ስለ ባጃጅ፣ ከበረከተለትም ስለ ፒካፕ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት የወንበሩ ላስቲክ ገና ሳይነሳ ዕቃው የቆመባቸው ናቸው። «ጠበቃ፣ ለእንዲህ ያለው ሕግ የለውም ወይ?» ይሉኛል።

አለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ «ይለወጥልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስ» ብሎ ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። መርካቶ ገዝቶ ኮልፌ ለሚገባ ሰው 15 ቀን ይበቃ ይሆናል። አዲስ አበባ ገዝቶ፣ ሚዛን ለመድረስ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከዚያም በበበቃ አድርጎ ወደ ዲማ ለሚወርድ ሰው ግን አይበቃም። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ከተገዛበት እንጂ ዲማ ከገባበት አይደለም። ጭነት ሲጠበቅ፣ ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው፣ ሊብሬው ሲጓተት አሥራ አምስቱ ቀን ያልቃል። መኪናው ገና አቀበት አልወጣም።

ሌላም ጣጣ አለ። አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ባጃጅ ገዝቶ ሰው የሚያመላልሰውስ? የሻጭ ጠበቃ የመጀመሪያ መቃወሚያ ይህ ነው፤ «ከሳሽ ነጋዴ እንጂ ሸማች አይደለም» ይላል። ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያችው ባጃጅ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ተከራክሬያለሁም። ደንበኛዬን ግን በዚህ ክርክር ላይ ብቻ አላስቀምጠውም።

ስለዚህ ወደ አሮጌው ሕግ እሄዳለሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ስለ ሻጭ ዋስትና ይናገራል፤ ገዢው ሸማች ይሁን ነጋዴ አይጠይቅም። የተሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት የማይበቃ ከሆነ ሻጩ ኃላፊ ነው። ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል በውሉ ቢኖር እንኳ፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ ከደበቀ ቃሉ አይጠቅመውም። በዕድሜ ከገፋው ሕግ ለዲማ ገዢ የሚሻለው መገኘቱ ይገርመኛል።

ይህ ሕግ ግን በምላሹ የሚፈልገው ነገር አለ። ገዢው ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ክሱንም ካስታወቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። የዲማ ሰው መብት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ማስታወቅ ላይ ነው። ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰውየው መጀመሪያ የሚጠራው መካኒክ ነው፤ በሰውኛው ትክክል ነው፣ ሥራው ቆሟልና። መካኒኩ ይፈታል፣ ሌላ ዕቃ ይገጥማል፣ አሮጌውን ይጥላል። ከሁለት ወር በኋላ ሻጩ ጋ ስንደርስ «ማን ፈታው? እኛ ስንሸጥ ደህና ነበር» ይባላል። የማስረዳት ሸክሙ እኛ ላይ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ቆሻሻ ክምር ውስጥ ነው።

ስልክ መደወልም አልጠቀመም። «ወንድሜ፣ አታስብ፣ አምጣውና እናየዋለን» የሚለው ድምፅ ችሎት ላይ የለም። በቴሌግራም የተላከ ቪዲዮና «በዚህ ቀን ካምቢዮው አልገባ አለ» የሚል አጭር ጽሑፍ ግን ቀኑን ይዞ ይቆያል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለው መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ደንበኞቼን መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ስልክ ይነሳ እላቸዋለሁ።

ስለ ደረሰኙም ልናገር። የተከፈለው ሌላ፣ ደረሰኝ ላይ የሰፈረው ሌላ ሲሆን ገዢው በዕለቱ ምንም አይመስለውም። ገንዘቤ ይመለስ ሲል ግን ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ የጽሑፍ ሰነድን በሰው ምስክር ማስተባበል ደግሞ ሕጉ የዘጋው በር ነው።

በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአዲስ መኪና ገዢዎች ያወጣችውን ሕግ ሳነብ የወደድኩት አቆጣጠሩን ነው። አንዱ ጉድለት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተጠገነ፣ ወይም መኪናው በጥገና ምክንያት 30 ቀን ከቆመ፣ አምራቹ ይለውጣል ወይም ገንዘብ ይመልሳል። የሚቆጠረው የከሸፈ ጥገና ነው። ለእኛ አገር ርቀት እንዲህ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ነገሩ ብሷል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ጉድለት በጆሮ ተሰምቶ አይታወቅም፣ የሚመረምረው መሣሪያም ከዲማ ሩቅ ነው።

ክሱ የት ይከፈታል የሚለውም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ገዢው ዲማ፣ ሻጩ አዲስ አበባ ሲሆኑ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው እንዲሠሩ ስላደረገ ጋምቤላ ላይ መክሰስ የሚቻልበት ዕድል አለ፤ ግን ውሉ የተደረገበት ወይም የሚፈጸምበት ቦታ ይታያል። ስለዚህ «ርክክቡ ዲማ ነው» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ላይ ብትኖር ብዙ መንገድ ታድናለች። ሻጮች ይህችን መስመር አይወዷትም።

አንድ ወርቅ የሚገዛ ደንበኛዬ የፒካፑን ቪዲዮ በወቅቱ ልኮ፣ ካምቢዮውንም ሳያስፈታ ጠብቆ ነበርና ሻጩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያችን ሲደርሰው ሳንካሰስ አዲስ ካምቢዮ ለመግጠም ተስማማ። ፒካፑ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። የጭነቱን ዋጋ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ግን አሁንም እየተጻጻፍን ነው።