ዳኛውና የሜዳ ዳር ጩኸት፦ ተረትና እውነታ

ላስታ ውስጥ ደልዳላ ሜዳ ብርቅ ነው። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ በላሊበላ ዙሪያ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት በተገኘው ገላጣ ቦታ፣ ድንጋይ ጎል አድርገው ነው። መስመር ስለሌለ ተመልካቹ ሜዳው ውስጥ ይገባል። ፊሽካ የያዘውም ብዙ ጊዜ ከተጫዋቾቹ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ወጣት ነው። በዚህ ወጣት ላይ ጎልማሶች ሲጮኹ በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ምክንያቶቻቸውም ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው።

«ዳኛ ካልጮኹበት አይፈርድም።»

ከሁሉም እውነት የተቀላቀለበት ይኼኛው ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አንድ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታን ለ40 ዳኞች በቪዲዮ አሳይቶ ነበር። ከፊሎቹ የተመልካቹን ጩኸት እየሰሙ፣ የቀሩት ድምፁ ተዘግቶ አዩት። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት በ15.5 በመቶ አነሰ፤ በእንግዳው ላይ የቆጠሩት ግን አልጨመረም። ጩኸቱ ዓይናቸውን አላጠራውም፤ በባለሜዳው ላይ ለመንፋት እንዲያመነቱ አደረጋቸው። ስለዚህ ከዳር የሚጮኸው አባት ቢሳካለት እንኳ የሚያገኘው አድልዎ ነው። የሚበደለውም ተራራ አቋርጦ ሊጫወት የመጣ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ጨዋታው እንደገና ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሕጉ ዳኛው ያለፈውን ፍርድ እንዲመልስ አይፈቅድለትም።

«እኔ ከዚህ ሆኜ አጥርቼ አይቻለሁ።»

የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በኔቸር መጽሔት እንዳሳዩት፣ የሠለጠኑ የመስመር ዳኞች እንኳ ኦፍሳይድ ላይ የሚሳሳቱት ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር ትይዩ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። ጥቂት ፈቀቅ ማለታቸው ዓይናቸውን ያታልለዋል። ታዲያ ዳገት ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያየው ወላጅ በምን ይተማመናል? ከእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ እንደሌለም ብዙ ጯሂ አያውቅም።

«ካርድ ለተጫዋች ነው።»

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አሠልጣኝም ቢጫና ቀይ ያያል። ከተጠባባቂዎች ወንበር ማን እንደተሳደበ ካልታወቀ ቅጣቱ በዋናው አሠልጣኝ ላይ ያርፋል።

«በገና እንኳ ጌታ አይቆጣ፤ ዳኛው ምን ያስቆጣዋል?»

እኛ አገር ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ነው። እርግጥ ነው፣ በገና ዕለት ሩር የሚመታ እረኛ ጌታውን ቢተርበው አይቀየምበትም። ግን ያ ፈቃድ ለማን እንደተሰጠ እናስተውል። የተሰጠው ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ለሚያገለግለው ነው፤ የሚተረበውም ባለሥልጣኑ ነው። የአርባ ዓመት ሰው በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ሲጮኽ ግን ገና ተገልብጧል።

ነገሩም በቃል አያበቃም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መከላከያና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ ዳኛው በተጫዋቾች ተደብድቦ ፌዴሬሽኑ ፕሪሚየር ሊጉን እስከማገድ ደርሶ ነበር። የዚያ ዓይነት ጎልማሳ ተጫዋች ትናንት ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ሲሳደብ እየሰማ ያደገ ልጅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቅሬታ ያለው ቡድን በአምበሉ በኩል ክስ ማስያዝ ይችላል። መንገዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የፍርድ ቤቱንም የሜዳውንም ሰው «ዳኛ» ብለን የምንጠራው እኛው ነን። በጥንቱ ወግ ሁለት ባለጉዳዮች በነጠላቸው ተቆራኝተው መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «ዳኘን» ይሉት ነበር። ፍርዱ ያልተዋጠለት ይግባኝ ይል ነበር። ያ መንገደኛ ሹመት አልነበረውም፤ ዳኛ ያደረጉት ራሳቸው ተሟጋቾቹ ናቸው። በድንጋይ ጎሎቹ መካከል ፊሽካ ይዞ የሚሮጠው ልጅም ሹመት የለውም።