የገበሬው ማሳና የነጋዴው ውሃ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ አበው የተናገሩት ቃል ለንግዱ ማኅበረሰብም የሚሠራ ምክር ነው። ቢራ ጠማቂው፥ ለስላሳ መጠጥ አምራቹ፥ ቆዳ አልፊውና ባለሆቴሉ ሁሉ ያለ ንጹሕ ውሃ ሥራቸውን ለአንድ ቀን እንኳ ሊያካሂዱ አይችሉም። ነገር ግን ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጥራት የሚወሰነው በማጣሪያው ጣቢያ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ከግድቡ በላይ ባለው በገበሬው ማሳ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክረምት ዝናብ ተደጋግሞ በታረሰና በተራቆተ መሬት ላይ ሲወርድ የላይኛውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ፎስፎረስ የተባለው የማዳበሪያ ንጥረ ነገር ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፤ ናይትሬት ደግሞ በውሃ ሟሙቶ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። ፎስፎረሱ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ግድብ በደረሰ ጊዜ አልጌንና አረምን ያፋፋል፤ አልጌውም ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ደለሉም የግድቡን ሆድ ይሞላል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሐይቅ ላይ የታየው እንቦጭ እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር በበዛበት ውሃ የሚስፋፋ አረም ነው። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት አንዱ የሆነው የለገዳዲ ግድብም ውሃው በደቃቅ የሸክላ አፈር ስለሚደፈርስ፥ በመድኃኒት ካልጠራ በቀር ለመጠጥ አይሆንም። የመድኃኒቱም ዋጋ የሚከፈለው በከተማው ነው።

መከላከያው የታወቀ ነው። ተዳፋቱን በእርከን መከፋፈል፥ በወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ መትከል፥ ከአጨዳ በኋላ ቃርሚያውን በማሳው ላይ መተው፥ ፍግን ከጅረት አርቆ ማከማቸት፥ ማዳበሪያንም በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ በልክና ከፋፍሎ መስጠት ነው።

ታዲያ ገበሬው ይህን ሁሉ ስለ ምን አያደርግም? በስንፍና ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። እርከን ከጠባቡ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ የድንጋዩም ካብ የአይጥ መሸሸጊያ ይሆናል። ወጪው ዛሬ ሲሆን ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ድካሙ በላይኛው አገር፥ የጠራው ውሃ ግን በታችኛው ነው።

በግዴታ ማሠራትም መፍትሔ አለመሆኑን የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። ከ1966 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ በነበሩት ዓመታት በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር እጅግ ብዙ እርከን በአገሪቱ ተሠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬው ሳይመክርበት የተሠራ በመሆኑ፥ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በየስፍራው ብዙው ፈርሷል። ከልብ ያልተቀበሉትን ሥራ የሚጠብቀው የለምና።

በአንጻሩ የኒው ዮርክ ከተማን ምሳሌ እንመልከት። ከተማይቱ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው ከካትስኪልና ከደላዌር ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የውሃ ደንብ ባወጣ ጊዜ ታላቅ ማጣሪያ መሥራት ግድ ሊሆን ሆነ፤ ወጪውም ብዙ ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገመተ። ከተማይቱ ግን ከገበሬዎቹ ጋር መነጋገርን መረጠች። የከብት በረታቸውን ለማስተካከል፥ ፍጋቸውን ለማከማቸትና የጅረቱን ዳር ለማጠር የሚያስፈልገውን ወጪ ልትከፍል፥ ገበሬዎቹም በፈቃዳቸው ሊገቡ ተስማሙ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 85 የሚሆኑት እርሻዎች እንዲገቡ ታስቦ ነበር፤ የገቡት ግን ከዚያ በለጡ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ከተማይቱ፥ ክፍለ ግዛቱና የተራራው ወረዳዎች ሰፊ ውል ተፈራረሙ። ከተማይቱም የዚህን ውሃ ማጣሪያ ከመሥራት ዳነች። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የሁለቱን ወገን ጥቅም ያገናዘበ ንግድ ነው።

ኒው ዮርክ ባለጸጋ ናት፤ የእኛም ገበሬ ማሳ ጠባብ ነው። ስለዚህ አሠራሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሠራል። የብቅል ገብስ በውል የሚገዛ ጠማቂ በውሉ ላይ የወንዝ ዳር ሣርና የእርከን ጥበቃን ጨምሮ ለዚህም ዋጋ ሊያክል ይችላል። በእርከን ላይ የሚበቅለው ሣር ለከብት መኖ ተሸጦ ገበሬውን በዚያው ዓመት ሊጠቅመው ይችላል። ማሳው በእጁ እንደሚቆይ የሚያረጋግጥ የይዞታ ደብተር ያለው ሰውም ለልጆቹ የሚተርፍ ካብ ለመካብ አይሰንፍም።

እንግዲህ ነጋዴው የውሃውን ሒሳብ ሲከፍል ከቧንቧው ባሻገር ያለውን ማሳ ሊያስብ ይገባዋል። የደፈረሰውን ለማጥራት በየዓመቱ ከመክፈል ይልቅ፥ እንዳይደፈርስ ከሚጠብቀው ገበሬ ጋር ወጪን መካፈል ይሻላል።