የአንገት መተንፈሻ ቱቦ ከቦታው ሲወጣ

ትራኪዮስቶሚ በአንገት ፊት በኩል ወደ አየር ቧንቧ የሚዘልቅ ቀዳዳ ተከፍቶ ሕመምተኛው የሚተነፍስበት ጎባጣ ቱቦ የሚገባበት ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ቱቦው በኃይለኛ ሳል፣ በመገላበጥ ወይም በማሰሪያው መላላት ሳይታሰብ ሊወጣ ይችላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ከቆዳ እስከ አየር ቧንቧ ያለው መተላለፊያ ገና ስላልጠና ቀዳዳው ቶሎ ሊከደን ይችላል፤ ቱቦውን በግምት መልሶ መግፋትም ከአየር ቧንቧው ውጭ ባለው ሥጋ ውስጥ የተሳሳተ መንገድ ሊከፍት ስለሚችል፣ ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ ሊተው ይገባል። በአፍና በአፍንጫው መተንፈስ ለሚችል ሕመምተኛ እስከዚያው ኦክስጅን በዚያ በኩል ይሰጠዋል፤ ማንቁርቱ በሙሉ የወጣለት ሰው ግን የሚተነፍሰው በአንገቱ ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ ቀዳዳው ፈጽሞ መሸፈን የለበትም።

ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ለምትገኘው ዳባት ይህ እውቀት ትልቅ ዋጋ አለው፤ አእምሮ ያለ ኦክስጅን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ሳይጎዳ ስለማይቆይ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደረገው ጉዞ ብቻውን ሕይወትን አያተርፍም። ስለዚህ ማሰሪያው ከአንድ ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት እንዳይኖረው በየዕለቱ መመልከት፣ በመጠን እኩል የሆነና አንድ ያነሰ መለዋወጫ ቱቦ ከአልጋው አጠገብ ማኖር፣ አስታማሚ ቤተሰብንም ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ማሠልጠን የማይታለፍ ግዴታ ነው።